ልጆቹን ሳልጠይቅ ስለ ልጆቹ ልናገር ሄድኩ

ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል ማገልገል ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከትምህርት በኋላ የሚመጡትን ልጆች እቀበላለሁ፣ የንባብ ክፍሉን እከፍታለሁ፣ በጠረጴዛ ቴኒስ ተራ የተጣሉትን እገላግላለሁ፤ የሥራ መደቤ መጠሪያ ከዚህ የገዘፈ ቢሆንም እውነተኛው ሥራዬ ይኸው ነው። በግንቦት 2017 ከፊንላንድ፣ ከጀርመንና ከኬንያ ከመጡ፣ እንደ እኔው ከወጣቶች ጋር ከሚሠሩ ባለሙያዎች ጋር ለስምንት ቀናት ሄልሲንኪ ተሰብስበን፣ ወጣቶች ስልክንና ማኅበራዊ ሚዲያን እንዴት እንደሚጠቀሙ ልምድ ተለዋውጠናል። ከተመለስኩ ወዲህ ከመንዝ፣ ከመራቤቴና ከሸዋ ሮቢት የሚደውሉልኝ ባልደረቦች ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ እንዴት ተሳካልሽ፣ ምን ምን ይጠየቃል፣ እኛስ ብንሞክር? ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው። ነገር ግን የቪዛውንና የወረቀቱን ጣጣ ብቻ ተናግሬ ባቆም ግማሹን እንደ ደበቅኩ ይቆጠራል፤ ለዚያ ጉዞ ስዘጋጅ በአንዲት ልጅ ላይ ጉዳት አድርሻለሁና።

ጥሪው የደረሰን በጥር 2016 ነበር። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ከተቋረጠ ስድስተኛ ወሩን ይዞ ስለነበር፣ ዜናውን የሰማነው አዲስ አበባ የሚኖር የቀድሞ ባልደረባችን በስልክ ደውሎ ነው። ኢራስመስ ፕላስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም በወጣቶች ዘርፍ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ድርጅቶች ጋር የሚሠሩ የአቅም ግንባታ ፕሮጀክቶችን ይደግፋል። በእኛ ሁኔታ ማመልከቻውን የሚያስገባው የፊንላንዱ ድርጅት ሲሆን፣ ከእኛ የሚፈለገው የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት የአጋርነት ደብዳቤ ብቻ ነበር። ያንን አንድ ገጽ ለመላክ በሚኒባስ ተሳፍሬ ሸኖ ድረስ ሄድኩ። ሸኖን ለቅቤ እንጂ ለኔትወርክ ሄጄባት አላውቅም ነበር፤ አንድ ካፌ በር ላይ ቆሜ ስልኬን ስከፍት ከአጋሮቻችን የመጡ አራት መልእክቶች ተደርድረው ጠበቁኝ። የመጨረሻው መልእክት፣ በትሕትና ቃል ቢጻፍም፣ ምላሽ ስላላገኙ እንደ ተውነው ቆጥረው በሌላ ድርጅት ሊተኩን መሆኑን የሚገልጽ ነበር።

ከዚያ ቀን የተማርኩት ቀላል ነገር ነው፤ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ላይ መስመር ሊቋረጥ እንደሚችል፣ ከተቋረጠም በየትኛው የስልክ ቁጥር በምን ቀን ሊደውሉላችሁ እንደሚችሉ ጻፉላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እናንተን ወክሎ ሰነድ መላክ የሚችል አንድ ታማኝ ሰው ይኑራችሁ። የመሥሪያ ቤታችሁን የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የፓስፖርታችሁን ቅጂና የኃላፊያችሁን ፊርማ አስቀድማችሁ ስካን አድርጋችሁ በፍላሽ ያዙ፤ ሰነዱን ማዘጋጀት የምትጀምሩት ጥሪው ሲመጣ ከሆነ ዘግይታችኋል።

ፕሮጀክቱ ጸድቆ የመጀመሪያው የኦንላይን ስብሰባ በጥር 2017 ተጠራ። ኢንተርኔቱ በዚያን ጊዜ ተመልሶ ስለነበር ችግር ይገጥመናል ብለን አላሰብንም። ደብዳቤው ላይ «10:00 በአዲስ አበባ ሰዓት» የሚል ተጽፏል። እኛም በተባለው ቀን፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ቡና አፍልተን፣ ኮምፒውተሩን ከፍተን ተሰየምን፤ ስብሰባው ግን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተካሂዶ ካለቀ ውሎ አድሯል ማለት ይቻላል። ይህ የሚያስቅ ስሕተት ነው፣ እኔም ዛሬ እስቅበታለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ስብሰባ ላይ የሥራ ክፍፍል ተደርጎ ስለነበር ለእኛ የተረፈልንን ተቀበልን። የፊንላንድ ሰዓት በክረምታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በአውሮፓውያኑ የማርች ወር የመጨረሻ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያደርጉት እስከ ጥቅምታቸው መጨረሻ ድረስ ከእኛ ጋር እኩል ይሆናል። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል ጨምረው እንዲጽፉላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይቀየማችሁም።

ለእኛ የተረፈልን ሥራ ወጣቶቻችን ዲጂታል ሚዲያን እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያሳይ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ማዘጋጀት ነበር። የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተሰብስበው ሳለ፣ ስልኬን አወጣሁና «ቪዲዮ ልቀርጽ ነው፤ የማይፈልግ ካለ መውጣት ይችላል» አልኩ። ማንም አልወጣም። እኔም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። አጋሮቻችን የእኛን ዝምታ እንደ መተው ቆጥረውብን ስንት የተማረርኩት ሴት፣ የልጆቹን ዝምታ እንደ እሺታ ስወስድ አንዳች አልከበደኝም።

ከልጆቹ መካከል አንዲት ከመንዝ የመጣች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከሌሎች ሁለት ልጃገረዶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየወሩ በአውቶቡስ የሚላክላትን በሶና ቆሎ እየተመገበች የምትማር፣ አነጋገሯ ያማረ፣ ስትስቅ ሰው የምታስቅ ልጅ ናት። ከሁሉም በላይ እርሷ ደኅና ስለተናገረች የቪዲዮውን መጀመሪያ በእርሷ አደረግኩት። ስሟን፣ ትምህርት ቤቷንና የምትኖርበትን ሰፈር ተናገረች። እኔ ሙዚቃ ጨምሬበት ለአጋሮቻችን ላክሁት፤ በዚያም ሳልወሰን፣ ሥራችን ይታይ ብዬ፣ በማዕከሉ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፍኩት። ብዙ ላይክ አገኘ። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በልጅቷ ስምና ፊት የተከፈተ ሌላ አካውንት ታየ። ፎቶዎቹ በሙሉ ከእኔ ቪዲዮ ላይ የተወሰዱ ስክሪንሾቶች ነበሩ። አካውንቱን የከፈተው ሰው የዘመዶቿን ስም እየፈለገ «የቤት ኪራይ ቸግሮኛል» እያለ በቴሌብር ገንዘብ መጠየቅ ጀመረ፤ አዲስ አበባ ያለ አጎቷ ላከ፣ አንዲት የጎረቤት ልጅም ላከች። እርሷ ስለ ነገሩ ያወቀችው አጎቷ «ደረሰሽ ወይ?» ብሎ ሲደውል ነው። ቀጥሎ ደግሞ ፎቶዋ ላይ የማይጻፍ ነገር ተጽፎበት በተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች ይዞር ጀመር።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት አደራ እላለሁ። በድንጋጤ የማዕከሉን ልጆች በሙሉ ሰብስቤ ያንን አካውንት ሪፖርት እንዲያደርጉት አዘዝኩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሪፖርት አደረጉትና ገጹ በማግስቱ ጠፋ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ፖሊስ ዘንድ ስንሄድ ግን መጀመሪያ የተጠየቅነው ማስረጃ ነበር፤ የገጹ አድራሻ የለ፣ የተጻጻፈው መልእክት የለ፣ ሁሉም ከገጹ ጋር አብሮ ጠፍቷል። የቀረው አጎቷ ስልክ ላይ ያለ የቴሌብር የክፍያ መልእክት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ሪፖርት ከማድረጋችሁ በፊት የአካውንቱን ሙሉ አድራሻ ቅዱ፤ እያንዳንዱን መልእክት ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሡ፤ ገንዘብ የተጠየቀበትን ቁጥር ጻፉ፤ ይህንንም ከተጎጂው ስልክ ውጭ በሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ይድረስ። ሪፖርት ስታደርጉም ሌላ ሰው መስሎ የቀረበ መሆኑን የሚገልጸውን አማራጭ ምረጡ።

እናቷ ከመንዝ የመጡት በየካቲት አጋማሽ ነው። ጠዋት ማዕከሉ በር ላይ ባና ደርበው ቆመው አገኘኋቸው። ቡና ይጠጡ ዘንድ ለመንኳቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እኔ ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው» አሉኝ። «አገር አያት። ማንን አስፈቅደሽ ነው?»

«እናቴ፣ ለክፋት አልነበረም» አልኳቸው።

«ለክፋትማ አይደለም። ለምንም ይሁን፣ ማንን አስፈቀድሽ ነው የምልሽ።»

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷን በዚያው ዕለት ይዘዋት ሄዱ። ከትምህርት ገበታ ርቃ የቆየችው ፋሲካ እስኪያልፍ ድረስ ነው፤ በዚያ ወሰነ ትምህርት (ሴሚስተር) ትምህርትም ፈተናም አምልጧታል። ቪዲዮውን ከሁሉም ቦታ አጠፋሁት፤ እኔ ያጠፋሁት ግን የእኔን ቅጂ ብቻ መሆኑን በሚገባ አውቃለሁ።

ከጉዞው ልቅር ብዬ ለኃላፊዬ ተናግሬ ነበር። እርሳቸው ግን «ብትቀሪ ልጅቷ ምን ታገኛለች?» አሉኝና ዝም አሉ። ስለዚህ የቪዛውን ጉዳይ ቀጠልኩ፤ በአጭሩ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። የሼንገን ቪዛ (ፊንላንድን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ይሰጣል ቢባልም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ስለሚችል ሁለት ወር ሲቀር ማስገባት ይሻላል። ለአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል። የግብዣ ደብዳቤው ትኬቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ካልጻፈ ተመልሶ እንዲጻፍ ጠይቁ። እኔን ያጉላላኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም፤ የልደት ቀኔ ነው። የተወለድኩት በኅዳር ወር ሲሆን የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ዓመቱን ወደ አውሮፓውያን ሲቀይር ስምንት ጨመረበት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የሚጨመረው ግን ሰባት ነው። ፓስፖርቴና ደብዳቤዬ የአንድ ዓመት ልዩነት ይዘው ቀረቡ። እንደዚሁ የቤተሰብ ስም የሌለን ሰዎች በመሆናችን፣ በአንዱ ሰነድ የአባቴ ስም፣ በሌላው የአያቴ ስም በመጨረሻ መጥቶ ሁለት ሰው መስዬ ነበር። ሁሉም ሰነድ ላይ ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ እንዳለ ይገልበጥ።

ሄልሲንኪ በግንቦት መጨረሻ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎም ፀሐይ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ብርሃኑ ብቻውን አልነበረም ምክንያቱ። «የስልክ ሱስ በወጣቶቻችን ላይ» የሚል የአሥራ አራት ገጽ ገለጻ ይዤ ነበር፤ ከመምህራንና ከወላጆች የሰማሁትን ሮሮ አሳምሬ የደረደርኩበት ሲሆን፣ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ እንደሚያድሩ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፉ፣ ማንበብ እንደ ተዉ ይዘረዝራል። አቅርቤ ስጨርስ ከኬንያ የመጣች ባልደረባ እጇን አወጣችና ጠየቀችኝ፤ ሌሊት ስልክ ላይ የሚያድሩት ለምን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ምን አሉሽ? አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥያቄው ያው የመንዟ እናት ጥያቄ ነበር። አልጠየቅኳቸውም አልኩ።

ያንን ካልኩ በኋላ የተቀረውን መደበቅ አልቻልኩም፤ በአራተኛው ቀን የቪዲዮውን ታሪክ የልጅቷን ማንነት ሳልገልጽ ነገርኳቸው። ፈረዱብኝ ብዬ ስጠብቅ፣ ከጀርመን የመጣው ባልደረባ እርሱም በሥራው መጀመሪያ ዓመታት የካምፕ ፎቶ ለጥፎ አንዲት ልጅን ለተደበቀችበት የእንጀራ አባቷ እንዳጋለጣት ተናገረ። ከገለጻዎቹ ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ምሽት ነው። እንዲህ ባለ ልውውጥ ላይ ስትሳተፉ ያማረውን ሥራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የተበላሸባችሁን ስታወጡ ሌሎችም ያወጣሉ፣ ትምህርቱም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ከፊንላንዶቹ ያየሁት ነገር ብዙ ነው። የእነርሱ የወጣቶች ሕግ ወጣት የሚለው ከ29 ዓመት በታች ያለውን ነው፤ የእኛ የ1996 የወጣቶች ፖሊሲም ከ15 እስከ 29 ስለሚል የምንነጋገረው ስለ ተመሳሳይ ዕድሜ መሆኑ ደስ አለኝ። ሄልሲንኪ ከተማ በአውሮፓውያኑ 2004 አካባቢ ጀምሮ ልጆች ሀቦ በሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ መዋላቸውን ስታይ፣ ውጡ ከማለት ይልቅ ባለሙያዎቿን እዚያው ጨዋታው ውስጥ አስገብታ እንደ ወጣት ማዕከል ክፍል አስከፍታለች። አሁን ዲስኮርድ በሚባለው የኢንተርኔት መወያያ ላይ ይሠራሉ። የሚሠሩት በግል አካውንታቸው ሳይሆን በሥራ አካውንት ነው፤ የመገኛ ሰዓታቸውን አስቀድመው ያሳውቃሉ፤ አዋቂው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በድብቅ እንዳይጻጻፍ በተቻለ መጠን ሁለት ሆነው ይገኛሉ። እኔ እስከዚያን ቀን ድረስ ከልጆቹ ጋር የምጻጻፈው የልጄን ክርስትና ፎቶ በለጠፍኩበት በግል ቴሌግራሜ ነበር።

ስለ ፈቃድ ስንወያይ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንድ ልጅ ያለ ወላጁ ለኢንተርኔት አገልግሎቶች ፈቃድ የሚሰጥበትን ዕድሜ 16 ብሎ አስቀምጦ፣ አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት እንደ ፈቀደላቸው ሰማሁ፤ ጀርመን 16ን ይዛለች፣ ፊንላንድ 13 አድርጋለች። ሁለቱ ባልደረቦች በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ተከራከሩ። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እኔ ግን የአገሬን አዋጅ መኖር የሰማሁት ከአገሬ ወጥቼ መሆኑን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2021 በአውሮፓውያኑ ስለ ዲጂታሉ ዓለም ያወጣው ጠቅላላ ማብራሪያ ቁጥር 25 ነው፤ ሰነዱ ሲዘጋጅ በ28 አገሮች የሚኖሩ 709 ልጆችና ወጣቶች ተጠይቀዋል። ጄኔቭ ያለ ኮሚቴ በየአገሩ ያሉ ልጆች እንዲጠየቁ ሲያደርግ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ በየቀኑ የሚመጡትን ሃያ ልጆች አልጠየቅኩም።

ሁሉም ነገር ጠቃሚ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ሙሉ ቀን ዓይን ላይ በሚጠለቅ የምናብ መነጽር ስንጫወት ውለናል፤ ለእኛ ማዕከል ያለውን ጥቅም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሁሉም አገሮች ወጣቶቻቸውን ለአንድ ሳምንት ያለ ኢንተርኔት እንዲቆዩ የሚጋብዝ የጋራ ዘመቻ እንዲያካሂዱ ሐሳብ ቀረበ። ፊንላንድ ውስጥ በትምህርት ሰዓት የስልክ አጠቃቀምን የሚገድብ አዲስ ሕግ በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ (በአውሮፓውያኑ ኦገስት 1) ሥራ ሊጀምር ስለነበር ሐሳቡ በእነርሱ ዘንድ ትኩስ ነው። እኔ ተነሥቼ የእኛ ልጆች ያለ ፈቃዳቸው ለወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት መቆየታቸውን፣ ለእነርሱ ይህን እንደ አዲስ ጾም ማወጅ ቀልድ እንደሚመስል ተናገርኩ። ከዚያም «ታዲያ በእነዚያ ወራት ምን ያደርጉ ነበር?» ተባልኩ። ይህንንም አላውቅም ነበር። እንግዲህ በስምንት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ «አልጠየቅኳቸውም» ያለ ሰው ቢያንስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

ሰኔ ላይ ተመልሼ ጀመርኩ። መጠይቅ አላባዛሁም። ልጃገረዶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ አድርጌ፣ ውይይቱን ከእኔ ይልቅ ከራሳቸው መካከል ተለቅ ያሉት እንዲመሩት አደረግኩ፤ እኔ ቡና አፈላለሁ፣ ሲጠይቁኝ እናገራለሁ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ትናንት ስልክ ላይ ምን ሠራችሁ? በመጀመሪያው ቀን የሰማሁት ሁሉ እኔን ደስ ለማሰኘት የተባለ ስለነበር («ትምህርት እናነባለን፣ እትዬ») ተስፋ ልቆርጥ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወሬው እውነት እየሆነ መጣ።

ሌሊት የሚያድሩበት ምክንያት፣ ለብዙዎቹ፣ የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ነው። ይኸው ነው። የአሥራ አራት ገጽ ገለጻዬ «ሱስ» ብሎ የጠራው ነገር ትልቁ ክፍል የሳንቲም ስሌት ነበር፤ ሁለት ልጆች ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያዩትን የሒሳብ ቪዲዮ ሳይቀር ያወረዱት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በተዘጋው ወራት ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስልክ ላይ ያለው ሁሉ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር፤ ፊልም ማስጫኛ ቤቶች ሜሞሪ እየሞሉ ሲሸጡ፣ ማን ምን እንደሚጭን የሚቆጣጠር ስላልነበረ አንዳንድ ልጆች ያላሰቡትን ጸያፍ ነገር ከዘፈን ጋር ተቀብለዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ አደጋው አብሮ ይጠፋል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

ተከራይተው የሚማሩት ልጃገረዶች ጉዳይ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ነው። በአንድ ክፍል ሦስት ሆነው አንድ ስማርት ስልክ ይጋራሉ፤ ስለዚህ አንዷ የሌላዋን የይለፍ ቃል ታውቃለች፣ ክፍሉን ለቃ የሄደችውም እንደዚሁ። ለእነዚህ ልጆች «የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ» የሚለው የተለመደ ምክር ከንቱ ነው። ይልቅ አብረን ተቀምጠን ለእያንዳንዷ በቴሌግራም ላይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከሚላከው ኮድ በተጨማሪ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል) አበጀን፤ አካውንቱ በየትኞቹ ስልኮች ላይ ተከፍቶ እንደቀረ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፍተን የማያውቁትን አስወጣን። አንዷ ልጅ ዘመን ያለፈበት የወንድሟ ስልክ ላይ፣ ሌላዋ ሰፈሯ ባለ ስልክ ጥገና ቤት ውስጥ አካውንታቸው ክፍት ሆኖ ተገኝቷል። ወንዶቹ በበኩላቸው ስለ ስፖርት ውርርድ ብዙ ነገሩኝ፤ ከኬንያ የመጣችው ባልደረባ በእነርሱም ዘንድ በስልክ የሚካሄደው ቁማር ከቲክቶክ ይልቅ እንቅልፍ እንደሚነሣት የነገረችኝን አስታወስኩና ደወልኩላት። አሁን በየወሩ በዚህ ላይ እንነጋገራለን፤ ከልውውጡ የቀረልኝ ዘላቂ ግንኙነት ይህ ነው።

የፎቶ ነገርስ? አሁን ማዕከላችን ያለው አሠራር በልጆቹ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። ፎቶ የሚነሣ ልጅ ምን ላይ እንደሚለጠፍ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ሲፈልግ እንደሚወርድለት ይነገረዋል፤ ዕለቱን እንዲፈርም አይደረግም፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድርበታል። ሰው በተሰበሰበበት «የማይፈልግ ይውጣ» ማለት ተከልክሏል፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚወጣ ልጅ የለምና። ስም፣ ትምህርት ቤትና ሰፈር በአንድ ላይ አይነገሩም። ከገጠር መጥተው የሚማሩትን ወላጆቻቸው ዘንድ እንደውላለን፤ አንዳንድ ጊዜ ስልኩ ገበያ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፣ እንጠብቃለን። በዚህ ምክንያት የፌስቡክ ገጻችን ቀዝቅዟል። የበላይ አካላት «ሥራችሁ አይታይም» ብለው ቅር ተሰኝተውብናል፤ ይህን ወቀሳ ከእኔ በኋላ የሚመጡትም እንደሚቀበሉት እጠብቃለሁ።

ልጅቷ ከፋሲካ በኋላ ትምህርቷን ቀጥላለች። ወደ ማዕከሉ ግን እስከ ጥቅምት ድረስ አልመጣችም፤ መንገድ ላይ ስታየኝም ሰላም ብላኝ በፍጥነት ታልፍ ነበር። አንድ ቀን የንባብ ክፍሉ ጥግ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ እኔም እንዳላየ ሰው አልፌ መብራቱን አበራሁላት። የፈቃዱን ገጽ ሲጽፉ አንድ ሌሊት ይደርበት የሚለውን ያመጣችው እርሷ ናት።

ይህን ጽሑፍ ከጨረስኩ በኋላ ወረቀቱን ሰጠኋትና ይዛው አደረች። በማግስቱ ሁለት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ሰርዛ፣ አንድ ቦታ ላይ «ይሄ ይቅር፣ እትዬ» ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። ሦስቱንም አውጥቻቸዋለሁ። እናቷም በስልክ ተነቦላቸዋል፤ ስለ ባናው የጻፍኩት ይቆይ ብለዋል።